ትንኝ ሁሉ አንድ አይደለም

እንክርዳድ ገና ቡቃያ ሳለ ከስንዴ ለይቶ ለማረም የሚያስቸግር መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከወባ ትንኞችም መካከል በመልክ ፍጹም ተመሳስለው በዝርያ የሚለያዩ አሉ። ወባን ለመከላከል ይህን ማወቅ ስለሚጠቅም ከዚህ በታች ባጭሩ እንገልጻለን።

ቀድሞ በአፍሪካ ወባን በብዛት የምታስተላልፈው አኖፌለስ ጋምቢዬ የተባለችው ትንኝ አንድ ዝርያ ብቻ ትመስል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ሊቃውንት ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡትን ትንኞች ሲያዳቅሉ፣ ከአንዳንዶቹ የተወለዱት ወንዶች መካን ሆነው ተገኙ። አህያና ፈረስ ተዳቅለው የሚወልዷት በቅሎ መካን እንደ ሆነች ሁሉ፣ ይህም ወላጆቹ የተለያዩ ዝርያዎች ለመሆናቸው ምልክት ነው። ዛሬ ከ8 የማያንሱ ዝርያዎች መሆናቸው ታውቋል።

ሁለተኛው መለያ ክሮሞሶም ነው። ክሮሞሶም ማለት በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ የወላጅን ጠባይ ለልጅ የሚያወርስ ክር መሰል ነገር ነው። የወባ ትንኝ 3 ጥንድ ክሮሞሶም አላት። ደም ጠጥታ እንቁላሏ በመብሰል ላይ ካለች ሴት ትንኝ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ እንደ ኩታ ጥለት የተደረደሩ ደማቅና ፈዛዛ መስመሮች ይታዩበታል። አንዳንድ ጊዜ ከጥለቱ አንዱ ክፍል ተቆርጦ፣ ተገልብጦ የተሰፋ ይመስላል። አንዳንዱ ግልብጥ ዝርያን ከዝርያ ይለያል፤ ሌላው ግን በአንድ ዝርያ ውስጥም ስለሚገኝ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል።

በአገራችን ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት፤ የሰውንም የከብትንም ደም ትመጣለች። ከጅማ አካባቢ የተገኘች ሌላ ትንኝ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ አምሳያዋ ጋር ተዳቅላ ወንዶቹ መካን ስለ ሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የተለየች ዝርያ መሆኗ ተገለጸ። በዚሁ አቆጣጠር በ2013 አኖፌለስ አምሃሪከስ ተብላ ተሰየመች። እርሷ ይበልጡን ከብት ስለምትነክስ በወባ አስተላላፊነት አትቈጠርም። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ገበሬዎች የሚከተለውን ልብ በሉ፦

1. «ይህች የከብት ትንኝ ናት» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሌሊት ሁሉ በአጎበር ውስጥ ተኙ።

2. ቤታችሁ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን በጭቃ ወይም በእበት አትለቅልቁት፤ መድኃኒቱ ይሸፈናል።

3. ትኩሳት ሲሰማችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።

4. የጤና ሠራተኞች ከቤትና ከበረት ትንኝ ሊለቅሙ ሲመጡ በራችሁን ክፈቱላቸው። በመንደራችሁ የሚገኘው የትኛው ዝርያ እንደ ሆነ ካልታወቀ፣ የሚበጀውን መከላከያ መምረጥ ያስቸግራል።