በመካኒሳ አቦ የአሮጌ ዲጂታል ካሜራ አያያዝና የሌንሱ ርቀት

መካኒሳ አቦ በአዲስ አበባ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሠፈር ነው። «አቦ» በሕዝብ አነጋገር የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መጠሪያ ስለ ሆነ፥ ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። የጻድቁ መታሰቢያ በየወሩ በ5ኛው ቀን ይውላል፤ ከእነዚህም መካከል የጥቅምት 5ና የመጋቢት 5 በዓላት ታላላቆቹ ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ነጠላውን አጣፍቶ በሚመጣው ሕዝብ መካከል ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው አይታጣም። መሣሪያውም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ ወይ ዘመድ ለመጠየቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ትቶት የሄደ፥ ወይ ለሠርግ ማንሻ ተገዝቶ በኋላ ለቤት የቀረ ይሆናል። የእጅ ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት በዛሬው ዘመን ይህ መሣሪያ ለበዓል ከሣጥን መውጣቱ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ በአንሺውና በተነሺው መካከልም ምን ዓይነት ግንኙነት እንደ ፈጠረ መመርመር የሕዝብ ባሕል ጥናት አንድ ክፍል ነው።

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ዘመን ሰው ወደ ካሜራው ይሄድ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሲያነሡ፥ ተነሺው ልብሱን አስተካክሎ፥ የማዕርጉን ምልክት ይዞ፥ ዓይኑን ወደ ሌንሱ አቅንቶ መቅረቡ የተለመደ ነበር። ኋላም በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ይህንኑ ሥርዓት ለተራው ሰው አደረሱት። ቋንቋውም ከዚህ ጋር ይስማማል። በአማርኛ አንሺው «ያነሣል»፥ ተነሺው «ይነሣል»፤ ያው ግሥ ከመቀመጫ ብድግ ማለትንም ስለሚያመለክት፥ «ፎቶ ተነሣሁ» የሚል ሰው ነገሩን እርሱም የሠራው አድርጎ ይናገራል። ማንም የደነገገው ሕግ ባይሆንም፥ በዚህ አነጋገር ውስጥ የፈቃድ ነገር አለበት ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዙም የሚባለው ሌንስ ይህን የቈየ ሥርዓት ያናጋዋል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ ካነን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፓወርሾት ኤስ ኤክስ 10 አይ ኤስ የተባለ ካሜራ መመልከት ይበቃል። ይህ ካሜራ 10 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ያሉት ፎቶግራፍ ይሰጣል። ሌንሱም በ35 ሚሊሜትር ፊልም ልክ ሲቈጠር ከ28 እስከ 560 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም 20 እጥፍ ማለት ነው። በአጭሩ ጫፍ ጠበል ጸዲቅ የሚቀምሱት የአንድ ቤት እንግዶች ሁሉ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ይገባሉ። በረጅሙ ጫፍ ግን 20 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ፊት፥ በአጭሩ ጫፍ 1 ሜትር ላይ ቢነሣ የሚኖረውን ስፋት ያህል ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማቅረብ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሌንሱ መስታወቶች እየተንቀሳቀሱ የሚያቀርቡት ነው፤ በዚህ ጊዜ ፎቶግራፉ የነጥቦቹን ሙሉ ቍጥር እንደ ያዘ ይኖራል። ሁለተኛው ሌንሱ መጨረሻው ከደረሰ በኋላ ካሜራው መካከሉን ብቻ ቈርጦ በስሌት የሚያሰፋው ነው። በተጠቀሰው ካሜራ ላይ ሁለቱ ሲባዙ 80 እጥፍ ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ይህ የስሌት 4 እጥፍ የሚገኘው ከ16 ነጥብ 15ቱን በመጣል ነው። በማሸጊያ ላይ የሚጻፍ ትልቅ ቍጥር ገዢን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛው ማቅረብም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ይኸው ሌንስ በረጅሙ ጫፍ የሚያገኘው ብርሃን በአጭሩ ጫፍ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ወይም በደመናማ ሰዓት እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፎቶግራፉ ይደበዝዛል። ልምድ ያለው ሰው ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠግቶ፥ ወይም ጀርባውን በቅጥሩ ግንብ አስደግፎ፥ ትንፋሹን ገታ አድርጎ ያነሣል።

ይህን የመሰለ ካሜራ እስከ ዛሬ ያቈየው ግን ሌንሱ ብቻ አይደለም። የሚሠራው በአራት ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው። የራሱ ልዩ ባትሪ ያለው ካሜራ፥ ባትሪው አልቆ ምትክ ከጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ድንጋይ ግን ከየሱቁ ይገዛል። ሆኖም ርካሹ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓት እንጂ ለካሜራ አይሆንም። ሌንሱን ለመግፋትና ብልጭታውን ለመሙላት በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚፈለግ፥ ከጥቂት ፎቶግራፍ በኋላ ካሜራው ድርግም ይላል፤ ያው ድንጋይ በሰዓቱ ውስጥ ቢገባ ግን ገና ብዙ ያገለግላል። ኤሌክትሪክ እየተሞላ የሚሠራው ድንጋይ የተሻለ ነው። የማስታወሻ ካርዱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሚይዝ ካርድ አያነቡም፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ካርድ ደግሞ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ርቀት የዘፈቀደ ነገር አይደለም። ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ይቆማሉ፤ ለመግባት ያልበቃሁ ነኝ የሚል ሰው ከውጭ ሆኖ ይሳለማል። በውስጥም ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ እያንዳንዳቸው የሚገባባቸው ሰው የተለየ ነው። ታቦቱም ለንግሥ ሲወጣ ተሸፍኖ ነው እንጂ ለዓይን አይገለጥም። ባለ ዙሙ ካሜራ ይህን ሥርዓት ሳያፈርስ ይሻገረዋል። አንሺው በተፈቀደለት ስፍራ እንደ ቆመ፥ እግሩ የማይደርስበት ዓይኑ ይደርሳል። ታቦት በሚወጣበት ጊዜ ይህ ደግ ነገር ነው፤ ካህናቱን የሚጋፋ፥ በመዘምራኑ መካከል የሚሽሎከሎክ አይኖርም።

ችግሩ ያለው ሌንሱ ከታቦቱ አጀብ ወደ ሕዝቡ በዞረ ጊዜ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ኀዘንተኛ መሆኗን አገር ያውቃል፤ ቀርቦ «ላንሣሽ» የሚላት ባለጌ አይገኝም፤ ከ20 ሜትር ግን ይህ ነውር አይታይም። የሕፃንን ፊት ከሰው ዓይን መከለል የቈየ ልማድ ነው፤ እናቲቱ ከአጠገቧ ያለውን ዓይን ትከልላለች እንጂ የሩቁን አታውቀውም። በበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ነዳያንም ሳያውቁ ከሚነሡት ዋናዎቹ ናቸው፤ ቄሱንና ሽማግሌውን «አባቴ፥ ላንሣዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንኳ እነርሱን መጠየቁን ሊረሳ ይችላል። ማን ተጠይቆ ማን ሳይጠየቅ እንደ ተነሣ መመዝገብ፥ በእንደዚህ ያሉ ፎቶግራፎች ለጥናት ለሚገለገል ሰው ከአለባበሱና ከዣንጥላው ዓይነት የማያንስ ቁም ነገር ነው።

በዚህ ረገድ አሮጌው ካሜራ ከስልክ የሚሻልበት መንገድ አለ፤ ጉድለቱ ነው። ሲከፈት ሞተሩ ይጮኻል፥ ሌንሱ ከአፎቱ ወጥቶ ይረዝማል፥ ብርሃን ሲያንስም ትንሽ መብራት ከፊቱ ቦግ ይላል። ስልክ የያዘ ሰው መልእክት ያንብብ ወይም ያንሣ በውል አይለይም፤ ይህ ግን ወዴት እንደ ዞረ ከሩቅ ይታወቃል። ያልፈለገ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ የፈለገ ነጠላውን አስተካክሎ ቀና ይላል። ጨዋ የሆነ አንሺ ደግሞ ከሩቅ ያነሣውን ይዞ ይቀርብና በጀርባው መስኮት ያሳያል፤ «እማማ፥ ይዩት እስቲ፤ ካልወደዱት አጠፋዋለሁ» ይላል። በፊልም ዘመን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልነበረም፤ ፈቃዱ ከማንሣት በፊት ካልሆነ ከቶ አይኖርም ነበርና።

የፎቶግራፉ ቀንም ሌላው የሚያሳስት ነገር ነው። ካሜራው የሚቈጥረው በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው። መጋቢት 5 በየዓመቱ ማርች 14 ላይ ይውላል፤ ጥቅምት 5 ግን ኦክቶበር 15፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ኦክቶበር 16 ነው። ስለዚህ የጥቅምቱን በዓል በአንድ የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው የአራተኛውን ዓመት ያጣዋል። መስከረምን 1ኛ ወር ብሎ ካሜራውን በኢትዮጵያ ቀን የሚሞላ ሰውም ሩቅ አይሄድም፤ ካሜራው 2ኛውን ወር በ28 ወይም በ29 ቀን ስለሚዘጋው ጥቅምት ሳያልቅ ይሰናከላል፤ ጳጉሜን ደግሞ ከቶ ቦታ የላትም። ቀኑን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፥ ካሜራው የፋብሪካውን መነሻ ቀን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ዘመኑን የሚለየው ከፎቶግራፉ ውስጥ ነው፤ የልጁ ጥርስ በቅሎ እንደ ሆነ፥ አጥሩ ቆርቆሮ ወይም ግንብ እንደ ነበረ፥ ማን በሕይወት እንደ ነበረና ማን እንደ ሌለ በማየት። ይህ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ቀን ይበልጥ የታመነ ነው።

እነዚህ ፎቶግራፎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈለጉት ግን በኀዘን ጊዜ ነው። በቀድሞ ዘመን ታላቅ ሰው ሲሞት በለቅሶው አደባባይ ፈረሱ፥ ጋሻውና ጦሩ፥ ልብሱም ይቀርብ ነበር፤ አልቃሹም ያንን እያየ ይገጥም ነበር። ዛሬ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ይህን ቦታ የያዘው በክፈፍ የገባ ፎቶግራፍ ነው። ብዙ ባልቴትና ሽማግሌ ግን በፎቶ ቤት የተነሡት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ፊታቸው ደርቆ ስለሚታይ ልጆቻቸው አይወዱትም። ስለዚህ አሮጌው ካሜራና ካርዱ ከየመሳቢያው ይፈለጋሉ። የሌንሱና የስሌቱ ልዩነት ትርጕም የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። 10 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ ወርዱ 3648፥ ቁመቱ 2736 ነጥብ ሲሆን፥ ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢመደብለት 31 በ23 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣዋል፤ ይህም ለድንኳኑ ይበቃል። በስሌት 4 እጥፍ ቀርቦ የተነሣው ግን እውነተኛ ነጥቡ 912 በ684 ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያው ጥራት 8 በ6 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ሲሰፋ ዓይን ነጠብጣብ፥ ከንፈር ጥላ ይሆናል፤ ፎቶ ቤቱም ሊያድነው አይችልም።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ ለሥነ ምግባር ደንብ የማይመች አንድ ነገር ይገኛል። ቤተሰቡ ከሁሉ መርጦ የሚያወጣው አንዳንድ ጊዜ ሟቿ ሳታውቅ ከሩቅ የተነሣችውን ነው፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፥ ማንም እንዳላያት ሆና ወደ መቅደሱ የምትመለከትበትን። ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ቀና ብላ እንደ ጉርዱ ትደርቅ ነበር። ፎቶግራፉ ተቈርጦ ሲታተም ከአጠገቧ የቆመችው ሴት ትከሻ በክፈፉ ጠርዝ ይቀራል። ለቀስተኛው ገብቶ መቼ እንደ ተነሣች ሲጠይቅ፥ መልሱ «በመጋቢቱ አቦ» የሚል ነው፤ ዓመቱን ግን ካርዱም አይናገርም።