ዳኝነት፣ ግልግል፣ እርቅ፦ የክርክር መቋጫ መንገዶች ንጽጽር

ሁለት ወገኖች በውል፣ በገንዘብ ወይም በደም ሲካሰሱ ጉዳያቸው የሚቋጭባቸው መንገዶች በኢትዮጵያ ሕግም ሆነ ባህል በርካታ ሲሆኑ፣ አንዱን ከሌላው በዋናነት የሚለየው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት ዳኛውን የሚመድበው መንግሥት ስለሆነ ተከሳሹ ወደደም ጠላም መጥሪያ ይደርሰዋል፤ ባይቀርብም ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

ግልግል ዳኝነት ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች የሚዳኙበት ሥርዓት ነው። ሥልጣኑ ከስምምነት ቢመነጭም፣ የሚሰጠው ውሳኔ እንደ ፍርድ አስገዳጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የዳኞቹ ቁጥር ጎዶሎ መሆን ሲኖርበት፣ ተዋዋዮቹ ካልወሰኑት ሦስት ይሆናል፤ በስምምነታቸው ይግባኝን ካልፈቀዱ በቀርም ይግባኝ አይባልም። የግንባታን ክርክር መሐንዲስ እንዲዳኘው ማድረግ መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የዳኞቹን አበል የሚከፍሉት ግን ባለጉዳዮቹ በመሆናቸው አነስተኛ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አይመችም። የፍቺ፣ የግብር፣ የመሬትና የወንጀል ጉዳዮችም ለግልግል አይቀርቡም።

በዚሁ አዋጅ የተደነገገው እርቅ ከግልግል የሚለየው አስታራቂው የሚያቀራርብ እንጂ የሚፈርድ ባለመሆኑ ነው፤ ባለጉዳዮቹ እስኪፈራረሙ ድረስ ማንኛቸውም ትተው መውጣት ይችላሉ። ስለሆነም በውል ውስጥ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል» ብሎ ብቻ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ሽማግሌው ይወስን ወይስ ያስታርቅ ሳይለይ ስለሚቀር፣ ሐረጉ ራሱ ሌላ ክርክር ይወልዳል።

ባህላዊው ሽምግልና በጥልቀት የሚታየው በደም ጉዳይ ነው። በአማራ ገጠሮች ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ቤተሰብ መካከል እየተመላለሱ ቁጣውን ካበረዱ በኋላ የደም ካሳውን ይቆርጣሉ፤ በእርቁ ዕለት የበዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በሟች ወገኖች ፊት ይቆማል፤ እነርሱም ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር እንዲሉ ይለመናሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ቂም ላይዙ ይማማላሉ። ፍርድ ቤት ገዳዩን ሊያስር ይችላል፤ የሟች ወንድም በገዳዩ ወንድም ላይ እንዳይነሣ የሚያደርገው ግን ይህ ሥርዓት ነው፤ ምንም እንኳ የመንግሥትን ክስ ባያስቀር፣ በአንድ ቀበሌ አብረው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ተተኪ የለውም። በአንጻሩ በባልና ሚስት ጠብ ለቤቱ ሰላም ሲባል የተበደለችውን ሚስት እንድትችል መጫን የሽምግልና ከባድ ጉድለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንደሆነ የደነገገ በመሆኑ፣ ሽማግሌ ፊት ለመቅረብ ያልፈቀደች ሚስት ጉዳይዋን በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ልትወስድ ትችላለች።