ቦይን የሚያይ ወንበር

በናይሮቢው ሩንዳ ሠፈርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በሞተር የሚሽከረከር ወንበር አካል ጉዳተኛውን ከሰው እጅ ጥበቃ ያላቅቀዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቁት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ራስን ችሎ መንቀሳቀስን ይደነግጋል። ሆኖም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው ግጭትና ውድቀት ያሰጋል።

ለዚህ የተገኘው መላ መሰናክል ጠቋሚ ነው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፤ መሰናክል ሲቀርብም ሞተሩን ያዘገያል ወይም ያቆማል።

ዳሩ ግን ፊት ለፊት ብቻ የሚመለከት ጠቋሚ ግድግዳን እንጂ ክፍት ቦይን አያውቅም፤ ድምፁን የሚመልስለት ነገር የለምና። ስለሆነም ቁልቁል መሬቱን የሚመረምር ሌላ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ወንበሩን የሚገዙ ሁሉ ይህን አስቀድመው እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።