መብራት ሲሄድና ሲመጣ፦ ቤታችሁን ከከሰል ጋዝና ከእሳት እንዴት ትጠብቃላችሁ?

መብራት ሄደ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው የስልካችንን ቻርጅ ነው። ከዚያ ሻማ ይፈለጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ስቶቭ ላይ የነበረው ድስት ወደ ማንደጃው ይዛወራል። የስቶቩን ማብሪያ ግን ማንም አላጠፋውም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ሰው ላይኖር ይችላል።

የቤት ውስጥ አደጋ ድንገት የመጣ ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱን ሰዓቶች ለየብቻ እንያቸው።

መብራት ሲሄድ

እዚህ ጋር ዋናው ስጋት ከሰል ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አያቃጥልም። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። የመያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ለኦክስጅን ቦታ አይተውም። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው።

«እኛ እኮ ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው የምናስገባው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ችግሩ የምናየው ጭስና የሚገድለው ጋዝ አንድ አለመሆናቸው ነው። ቀይ ፍም ሆኖ ምንም የማይጨስ ከሰልም ጋዙን ያወጣል። አመድ የለበሰውም እንደዛው። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም ጋዙን አያጠፋውም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ጉልበት መክዳት ናቸው። ጉንፋን ወይም ድካም ሊመስላችሁ ይችላል። ቤት ውስጥ ያላችሁት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ግን ከሰሉን ጠርጥሩ። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቶቹ ሳይሰሙት ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ፦

• ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። ክረምትም ቢሆን፣ የወለደች ሴትና ጨቅላ ሕፃን ያሉበት ቤትም ቢሆን ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ከሰል አታሳድሩ።
• ምግብ የምታበስሉት በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ የተከፈተ ቦታ ይሁን።
• ጀነሬተርም ይኸው ጋዝ ስላለው ቤት ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ አይነሳ።
• ሻማ ከመጋረጃና ከፍራሽ ርቆ፣ የማይቃጠል ሰሃን ላይ ይቁም። ስልክ ወይም ፓወር ባንክ ካላችሁ ባትሪውን አብሩና ሻማውን ተዉት።

ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ቶሎ ንጹህ አየር ወዳለበት አውጡት። ወተት ማጠጣት መፍትሄ አይደለም፤ እንዲያውም ራሱን የሳተ ሰው ሊያንቀው ይችላል። ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱት።

መብራት ሲመጣ

መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ማብሪያው ያልጠፋ ዕቃ ደግሞ ሰው ኖረም አልኖረም መሥራት ይጀምራል። ስቶቭ፣ ካውያ እና ምጣድ ከሁሉም ይብሳሉ። ካውያው ልብስ ላይ እንደተጋደመ መብራት ከሄደና ረስታችሁት ከወጣችሁ፣ መብራቱ ሲመጣ ልብሱ ላይ መጋል ይጀምራል።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። መብራት እንደሄደ የምጣዱን፣ የስቶቩንና የካውያውን ሶኬት ንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ተዉ፤ መብራት መምጣቱን እሱ ይነግራችኋል። ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ።

ዲቫይደር ምን ያህል ይችላል?

ይህን በስልካችሁ ካልኩሌተር ማወቅ ትችላላችሁ። የዕቃውን ዋት ለ220 ማካፈል ነው፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ። 3500 ዋት የሚል ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይፈልጋል። 2000 ዋት የሚል የውሃ ማፍያ ወደ 9 አምፒር። የ20 ዋት የስልክ ቻርጀር ግን 0.1 አምፒር እንኳ አይሞላም።

አሁን ዲቫይደራችሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩት። 10 አምፒር የሚል ከሆነ አምስት ስልክ ቢሰካበት ምንም አይለውም፤ አንድ ምጣድ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጋለው ገመድ ምንጣፍ ሥር ከተደበቀ ደግሞ እሳቱን የምናየው ከተነሳ በኋላ ነው።

ሶኬቱ ሲነካ ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መጠቀም አቁሙ። ብሬከሩ አሁንም አሁንም የሚወድቅ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። በትልቅ መቀየር ወይም ፊውዙን በሽቦ መተካት ጠባቂውን ማባረር ነው። «የኪራይ ቤት ነው፣ ምን አገባኝ» አትበሉ። ለአከራያችሁ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ፣ እስኪሠራም ያንን ሶኬት አትንኩት። ቤቱ የእሳቸው ቢሆንም እዚያ የምትተኙት እናንተ ናችሁ።

እሳት ቢነሳስ?

• የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አትድፉ። መድረስ ከቻላችሁ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ።
• ዘይት መጥበሻ ላይ ከተያያዘ ውሃ እሳቱን ይበትነዋል። ስቶቩን አጥፉና መጥበሻውን ክደኑት፤ ከቦታውም አታንቀሳቅሱት።
• የቡታጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ መብራትም አታብሩ ወይም አታጥፉ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፤ ስልክ የምትደውሉትም ውጭ ሆናችሁ ነው።
• እሳቱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ዕቃ ለማትረፍ አትመለሱ። በሩን ዘግታችሁ ውጡ።
• ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ አቀዝቅዙ። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይቀባ።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ቤት የመስኮት ብረት አለው፤ ያለው መውጫ በሩ ብቻ ነው። ማታ የምትቆልፉበት ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በጨለማ ጭምር ይወቀው።

አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ቁጥር 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው፤ በጭንቀት ሰዓት ቁጥር አይታወስም።

ብቻውን ተከራይቶ ለሚኖር ጓደኛችሁ፣ እናት አባታችሁ ጋር ላለች ሠራተኛም ጭምር ሼር አድርጉት።