ዋስ በሌለበት ከተማ

መተማ ዮሐንስ ላይ ሻይ ቡና እየሸጥኩ ነው የምኖረው። እዚህ ሰው በማን ልጅነቱ አይታወቅም። ደገኛው ከጎጃምና ከጎንደር ለሰሊጥ ሥራ ይወርዳል፤ ሾፌሩ አድሮ ይሄዳል፤ ነጋዴው ከማዶ ከሱዳኗ ጋላባት ይሻገራል። ቆሞ የሚመሰክርለት ዘመድ ስለሌለ ዋሱ አንደበቱና አኳኋኑ ነው። ዱቤ እንኳ የምሰጠው ሰላምታውን አይቼ ነው።

ከተማዋ «ዮሐንስ» የሚለውን ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ዛሬ ግን የማዶው ሰው በሰላም ሲመጣ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ኬፍክ? ኩሉ ተማም?» ብሎ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ቤተሰቡን አዳርሶ ነው ወደ ገበያው የሚገባው። የእኛ ሰው ቸኩሎ «ስንት ነው?» ካለው ዝም ብሎ ሻዩን ያማስላል። ሰላም ያላለውን ሰው እንዴት ይመነው?

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚህ በር ገባ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። አንዳንዱ ገና አረፍ ሳይል ጥያቄ ይዘንብበት ነበር፤ «ምን አየህ? ማን ሞተብህ?» ይሉታል። ጎረቤቴ ግን ውሃ በጣሳ ቀድታ ልጅ ለያዘች እናት ትሰጥና ልጁን ተቀብላ ታቅፋለች። አንድ ቃል አትጠይቅም። ወሬው ሲመጣ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ጨዋነት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግን በጥቅምት ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ያን ጊዜ ባለማሳው ጉልበት ፈላጊ ነው። አንዱ ከመኪናው ወርዶ «እንዴት አደራችሁ? በርቱ!» ይላል፤ ውሃው መድረሱን ያያል፤ የሚንቀጠቀጥ ካገኘ ወባ እንዳይሆን ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። ሌላው መስኮት ዝቅ አድርጎ «አንተ!» ብሎ ይጣራል። የቀን ሂሳባቸው እኩል ነው። ሆኖም የሁለተኛው አጫጆች ማታ እኔ ዘንድ ሻይ እየጠጡ ይማከሩና ጎህ ሳይቀድ ጓዛቸውን ይዘው ይጠፋሉ። ሰሊጡም ቆሞ ይረግፋል።

እኛ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ስናይ «ኖር» ብለን ብድግ እንላለን፤ ማጭዱን ታቅፎ ለገባ ደገኛ ግን ማንም አይነሳም። ይህን ጨዋነት ብለን እንጠራዋለን እንጂ ፍርሃት ነው፤ ጥቅም ፍለጋም ነው። የሰው ጨዋነት የሚለካው ምንም ሊያደርግለት በማይችለው ሰው ፊት ነው።

በእኔ ቤት ቀድሞ የሚቀዳለት ቀድሞ የገባው ነው። አንዳንድ ባለመኪና ይከፋዋል። ይክፋው።