ርዕሰ ብሔሩ ምን ያዛል?

ከሰበታ የጅማን መንገድ ይዞ የሚወጣ መኪና ተፍኪንና ተጂን አልፎ ቱሉ ቦሎ ይደርሳል። ዙሪያው የበቾ ሜዳ ነው፤ የጤፍና የሽምብራ አገር። በ1992ቱ ምርጫ የበቾ መራጮች በግል የተወዳደሩትን መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ላኩ። መቶ አለቃ ግርማ በንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ፓርላማ ለእሳቸው እንግዳ ቤት አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ከምክር ቤት አባላት መካከል ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው የተወከለበትን ወንበር እንዲለቅ ያዛል።

ለመሆኑ የበቾ ገበሬ ወኪሉ ርዕሰ ብሔር ሲሆን ምን አገኘ? ክብር አገኘ፤ ድምፅ ግን አጣ። የምክር ቤት አባል እጁን አውጥቶ ሕግ ያጸድቃል፣ ይቃወማል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ፕሬዚዳንቱ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። የኢትዮጵያን ፕሬዚዳንትነት ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይበጃል።

በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው የደርግ ዘመን ሕገ መንግሥት ያቆመው ፕሬዚዳንት ሌላ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ርዕሰ ብሔርም፣ የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥም፣ የገዢው ፓርቲ ዋና ጸሐፊም ነበሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ሁሉ በታተነው። አስፈጻሚነቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጠ፤ ጠቅላይ አዛዥነቱንም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ። ለፕሬዚዳንቱ የቀረው በአንቀጽ 71 ተዘርዝሯል። የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፤ የጸደቁ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል፤ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፤ ኒሻን ይሸልማል፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። አምባሳደር የሚሾመውና ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው።

ፕሬዚዳንቱን በዕጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሹመቱ የሚጸናው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። ዘመኑ ስድስት ዓመት ሲሆን አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። እስካሁን ሁለቱን ዘመን የጨረሱት መቶ አለቃ ግርማ ብቻ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ ከእሳቸው በኋላ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታዬ አጽቀሥላሴ መንበሩን ይዘዋል።

ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በፊርማው ላይ ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ እሱም በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ባይፈርምስ? ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ፕሬዚዳንቱ ያልወደደውን ሕግ ምክንያቱን ጽፎ ለኮንግረሱ ይመልሳል፤ ይህን ለመሻር ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ያን ያህል ድምፅ ማሰባሰብ ከባድ ስለሆነ ሕጉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ ሥልጣን በያዙ በወሩ ለቀዳሚያቸው ለኒክሰን ይቅርታ ሲያደርጉ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እኛ ዘንድ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ከተፈረደባቸው ከቀናት በኋላ ሲፈቱ፣ ጥያቄያቸው በይቅርታ ቦርድ በኩል አልፎ ነው መቶ አለቃ ግርማ ዘንድ የደረሰው።

በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቱ ሥራ ሲጀምር ፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን የዓመቱን ዕቅድ በንግግር ያቀርባል። አባላቱ በንግግሩ ላይ ተወያይተው ጥያቄ ሲያነሱ ግን መልስ የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ንባቡ የአንዱ፣ ኃላፊነቱ የሌላው ነው ማለት ነው።

ለፕሬዚዳንቱ በራሱ ሚዛን የሚሠራበት ቦታ የተተወለት በአንቀጽ 60 ነው። ጥምር መንግሥት አብላጫውን አጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢፈርስ፣ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጥምር መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። አንድ ፓርቲ ምክር ቤቱን በሰፊ አብላጫ በያዘበት አገር ይህ አንቀጽ ሥራ አላገኘም።

ከመንበሩ መውረድም ገደብ አለው። ዶክተር ነጋሶ በ1994 ዓ.ም. ሲለቁ የወጣው ሕግ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ይጠይቃል። እሳቸው በ1997ቱ ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፤ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የተመደበውን ጥቅማ ጥቅም አጡ። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሊቀመንበርነት የመሩት ሰው፣ ከክብሩ ይልቅ አንዷን የምክር ቤት ድምፅ መረጡ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጦሩን ያዛል፣ መንግሥቱን ይመራል፤ የታሰረው ግን በሌሎች እጅ ነው። ገንዘብ የሚመድበውም ጦርነት የሚያውጀውም ኮንግረስ ነው፤ ዳኞችንና ሚኒስትሮችን ሲሾም ሴኔቱ መስማማት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1952፣ በኮሪያ ጦርነት ወቅት፣ ትሩማን የብረት ፋብሪካዎችን መንግሥት እንዲረከብ ቢያዙ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ሻረው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጸደቀው 22ኛው ማሻሻያም ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ዘጋ።

እንግዲህ ሁለቱን ፕሬዚዳንቶች በስማቸው ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ከዋይት ሐውስ ሰው ጋር በሥልጣን ሊተካከል የሚችለው የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ የገደቡም ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለእሱ ወንበር ነው። አቤቱታ ያለው ዜጋ «ለክቡር ፕሬዚዳንት» ብሎ ከመጻፉ በፊት የመረጠውን የምክር ቤት አባል ቢይዝ ይሻለዋል፤ አስፈጻሚውን የመጠየቅ ሥልጣን ያለው እሱ ነውና። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ዘመን ብሎ የወሰነው ብዙም ለማያዘው ርዕሰ ብሔር ነው። ለሚያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ምክር ቤቱ እስከመረጠው ድረስ የዘመን ገደብ አላስቀመጠም።