የኤችኦኤ ደብዳቤ ሲመጣ

አንድ ጎረቤቴ በሰሜን ቨርጂኒያ ታውንሃውስ በገዛ በዓመቱ የአደራ ደብዳቤ ደረሰው። በረንዳው ላይ የተከለውን ዲሽ እንዲያነሳ፣ ካላነሳ እንደሚቀጣ ይላል። ሰውየው በዚያው ቀን መሰላል ተውሶ አወረደው። እናቱ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውት ነው የሚኖሩት፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የአማርኛ ቴሌቪዥን በዚያ ዲሽ ነበር የሚገባው። በኋላ ስንጨዋወት «ታዲያ ከመንግሥት ጋር ልከራከር?» አለኝ።

ደብዳቤው ግን ከመንግሥት አልመጣም። ኤችኦኤ የምንለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበር ባለበት ሠፈር ቤት የገዛ ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ አባል ይሆናል። እድር ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፦ መዋጮ አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ አባላት የሚመርጡት ቦርድ፣ ከቦርዱም ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለ። ከእድር ግን በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይቻላል፤ ከኤችኦኤ የሚወጣው ቤቱን የሸጠ ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚጽፈውም ብዙ ጊዜ ቦርዱ የቀጠረው አስተዳዳሪ ድርጅት ስለሆነ፣ ከጀርባው ያሉት በየማለዳው ሰላም የምንላቸው ጎረቤቶች መሆናቸው ይረሳናል።

ወደ ዲሹ ልመለስ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደንብ፣ ስፋቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዲሽ አንድ ሰው ብቻውን በሚጠቀምበት በረንዳ ወይም ግቢ ላይ እንዳይተከል ማኅበር መከልከል እንደማይችል ይደነግጋል። በጋራ ጣሪያ ወይም በጋራ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን መከልከል ይችላል፤ ለደኅንነት ሲባል የሚወጣ ደንብም ይከበራል። ስለዚህ ጎረቤቴ መሰላሉን ከመዋሱ በፊት አንዲት አጭር መልስ መጻፍ ነበረበት።

ደንብ ጥሰሃል የተባለ አባል ቨርጂኒያ ውስጥ ወዲያው አይቀጣም። ቦርዱ የመቅጣት ሥልጣን እንዲኖረው መጀመሪያ በማኅበሩ ሰነዶች በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት። ከዚያ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ ጥፋቱን ለማረም በቂ ጊዜ ይሰጣል። ካልታረመ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት አሳውቆ ጉዳዩ ወደሚሰማበት ስብሰባ ይጠራዋል። አባሉ ጠበቃ ይዞ መቅረብም ይችላል። ቅጣት ቢወሰንበት እንኳ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት ደግሞ በቀን ከ10 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ የቀን ቅጣቱም ከ90 ቀን በላይ አይቆጠርም። ከፍተኛው 900 ዶላር ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚወረውር ሰው ይህ ሁሉ ዕድል ያመልጠዋል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ በፍርሃትም ሆነ በንዴት ዝም የሚል ወገናችን ብዙ ነው።

መዋጮው ግን ሌላ ነገር ነው። «በረዶ ሳይጠርጉልኝ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ መዋጮ ማቆም ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ቅሬታ ዕዳን አያስቀርም። ማኅበሩ ያልተከፈለውን መዋጮ በቤቱ ላይ በዕዳ መያዣነት ሊያስመዘግብ ይችላል፤ የጠበቃ ወጪ ይደመርበታል፤ ነገሩ ከገፋ ቤቱ እስከመሸጥ ይደርሳል። ከዚህም በላይ፣ መዋጮውን ያልከፈለ ሰው የማኅበሩን መዝገብ የማየት መብቱን ሊነፈግ ይችላል።

የዚያ መዝገብ ነገር እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙም አንጠቀምበትም። ግዴታውን የተወጣ አባል በጽሑፍ ጠይቆ የማኅበሩን ሒሳብና ቃለ ጉባኤ መመልከት ይችላል። አስተዳዳሪ ድርጅት ያለው ማኅበር 5 የሥራ ቀን፣ ራሱን የሚያስተዳድር ደግሞ 10 የሥራ ቀን አስቀድሞ ቢነገረው ይበቃዋል። መዝገቡን ስታዩ መጀመሪያ መጠባበቂያ ገንዘቡን ተመልከቱ። የቨርጂኒያ ሕግ ቦርዱ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ አስፋልቱ፣ የእግረኛ መንገዱና ሌላው የጋራ ንብረት መቼ እንደሚታደስ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈልግ እንዲያስጠና ያዛል። ወዳጅነት ለማትረፍ ሲል መዋጮ ሳይጨምር የሚኖር ቦርድ፣ አስፋልቱ ሲፈርስ በአንድ ጊዜ ከባድ ልዩ መዋጮ ይጥላል። ለእኔ ይህ ቸርነት ሳይሆን ኃላፊነትን መሸሽ ነው።

የቦርድ አባል መሆን በእርግጥ አያስቀናም። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ መልስ ደክሟቸው ነው የሚሰበሰቡት። ያም ሆኖ ስብሰባቸው ለአባላት ክፍት መሆን አለበት፤ በር ዘግተው የሚነጋገሩት ሕጉ በዘረዘራቸው ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው፣ ውሳኔውንም መልሰው በይፋ ድምፅ ይሰጡበታል። ደንቡን ለሁሉም እኩል ማስከበር አለባቸው። ለአካል ጉዳተኛ እናት በር አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ሲጠየቁም፣ በፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ መሠረት ተገቢውን ማመቻቸት ግዴታቸው ነው።

ቦርዱ አልሰማም ካለ፣ በመጀመሪያ በማኅበሩ የቅሬታ ሥርዓት በጽሑፍ አመልክቱ። የመጨረሻው መልስ ካላረካችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ ለግዛቱ የጋራ መኖሪያ ማኅበራት እንባ ጠባቂ ማቅረብ ይቻላል። ቀኑ ካለፈ በሩ ይዘጋልና፣ የመጨረሻው መልስ የተሰጠበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉት።